እግራቸው ወደ ምሥራቅ

አንድ ሽታ፣ ሳታስቡት፣ ወደ ጠላችሁት ቤት መልሶ አስገብቷችሁ ያውቃል? ዛሬ ጠዋት ፊደል ከማስቆጥራቸው ልጆች አንዱ በአንኮበር ጭጋግ የራሰ አጎዛውን አጠገቤ ዘረጋ። የእርጥብ በግ ቆዳ ሽታ ሲመጣብኝ ትከሻዬ በራሱ ሽምቅቅ አለ፤ ስድብ እንደሚጠብቅ ሰው።

ያኔ የንጉሡ ግቢ ገና ከአንኮበር አልተነሣም ነበር። እኔም ዳዊት የደገምኩ ወጣት ነበርኩ። ደብረ ብርሃን አጠገብ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሸምኑ አንድ ሽማግሌ ግራ ጎናቸው በድን ሆኖባቸው ተኝተዋል። ባሏ የሞተባት ልጃቸው፣ «እርሻውንም ከብቱንም ይዤ አልቻልኩም፤ አባቴን አስታምልኝ፣ ከቤቴ ብላ፣ ከቤቴ እደር» አለችኝ። ገባሁ።

ሽማግሌው ከመጀመሪያው ቀን ጠሉኝ። «ይሄን ቁራሽ ለማኝ ማን አመጣብኝ? ድግምቱን ሊሞክርብኝ ነው!» ይላሉ። ገንፎ ሳጎርሳቸው ይተፉብኛል፤ ሳገላብጣቸው ደህናው እጃቸው ጆሮዬን ይፈልጋል። አልዋሻችሁም፣ እኔም ጠላኋቸው።

ሥራዬን ግን በሥርዓት እሠራ ነበር። ላስረዳችሁ፤ ያልተገላበጠ በሽተኛ ገላው ይቆስላል። ስለዚህ የማለዳ ፀሐይ ምሰሶው ላይ ስታርፍ በቀኝ ጎናቸው፣ ወደ በሩ ደፍ ስትመለስ በጀርባቸው አስተኛቸዋለሁ። ቢሆንም ወገባቸው ቆሰለ። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ውርጩ ከግድግዳው አይወጣም። አንድ ማለዳ፣ ሲያቃስቱ አድረው እንቅልፍ ሲጥላቸው፣ ፀሐይ ታሙቃቸው ብዬ የጠፍር አልጋውን ቀስ አድርጌ ጎተትኩና እግራቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። በድኑ እጅ እንዳይቀዘቅዝ ደረታቸው ላይ አደረግሁ፤ ደህናውን ደረብኩበት፤ ነጭ ጋቢ አለበስኳቸው። ኮራሁም።

ሲነቁ ጮኹ። «አንቺ ልጅ፣ ድረሽልኝ! በቁሜ ገነዘኝ!»

ሬሳ እግሩ ወደ ምሥራቅ፣ እጁ ደረቱ ላይ ሆኖ እንደሚገነዝ ከቤቱ ሰው ሁሉ ይልቅ የማውቀው በየለቅሶው ዳዊት የምደግመው እኔ ነበርኩ! ግን ይቅርታ አልጠየቅሁም። «ፀሐይ ለቁስሉ ትበጃለች፣ አባባ» አልኩና አልጋውን እንደዞረ ተውኩት። እሳቸውም አፋቸውን ዘጉ። ሁለት ቀን ወተት እንኳ አልቀመሱም። ልጃቸው፣ «አባቴ በእልህህ ከሞተ፣ ሁለተኛ ዓይንህን አላይም» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ተጋግዘን ደጅ አወጣናቸው። ጠፍሩን ላራግፍ ስገባ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ባዶው አልጋ ላይ ተጋደምኩ። በበሩ በኩል የሚታየው የደብሩ አጥርና የመቃብር ድንጋይ ብቻ ነበር። የሽመና ዕቃቸው፣ በላዩም ጀምረው የተዉት ባና፣ ከራሴ ኋላ ቀርቷል።

ተነሥቼ አልጋውን ወደ ሽመናው አዞርኩት። አስገብተን ስናስተኛቸው ዓይናቸውን በተጀመረው ባና ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱ።

«ድሩ ላልቷል» አሉ በመጨረሻ። «አጥብቀው እንጂ፣ አንተ ለማኝ! ይሄ እጅ ነው ወይስ ቅል?»

አጠበቅሁት። አፋቸውን ከፈቱ። አጎረስኳቸው።

ከዚያ በኋላም አልወደዱኝም። በየቀኑ ከባናው አንድ ጣት ያህል ያሠሩኛል፣ ይሰድቡኛል፣ ይበላሉ። ባናው ሳያልቅ ጥቅምት ላይ ሞቱ። ልጃቸው እያለቀሰች እኔ ገነዝኳቸው። እግራቸውን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ፤ በድኑን እጅ ደረታቸው ላይ አደረግሁና ደህናውን ስደርብበት፣ ጆሮዬን እስኪይዙኝ ጥቂት ጠበቅሁ። አልያዙኝም።

እናንተም በሽተኛ ስታስታምሙ፣ እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ አልጋው ላይ ተጋደሙና ከዚያ ምን እንደሚታይ እዩ።