ተጠባባቂው አማኝ

ማክሰኞ ማክሰኞ የእግራቸውን ቁስል ሊያስጠርጉ ጤና ጣቢያ የሚመጡት ሽማግሌ፣ የተተኮሰ ሱሪያቸው እንዳይጨማደድ ከጉልበታቸው ሳብ አድርገው ነው አልጋው ጫፍ ላይ የሚቀመጡት። የኮታቸው ክርን ሳስቷል፤ የደረት ኪሳቸው ግን ዛሬም ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ፣ እንደያዘ ነው።

ነርሷ ፋሻውን መፍታት ስትጀምር ዓይናቸውን ጨፍነው ያጉተመትማሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሕመሙ የሚያስለፈልፋቸው መስሏት ነበር። ጠጋ ብላ ስታዳምጥ ለካ ጸሎት ነው፦ «ጉዳዩ፦ የግራ እግሬን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ ባለፈው ሳምንትም ማመልከቴ ይታወሳል...»

ሁልጊዜ ሳቋን ዋጥ ታደርገዋለች። ዛሬ ግን አላስቻላትም።

«አባባ፣ ተቀባዩ ባይኖርስ?»

«የኔ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ባዶ ቢሮ የገባ ደብዳቤ ማንንም ሲጎዳ አላየሁም። ያልተጻፈ ደብዳቤ ግን መልስ ሲያገኝም አላየሁ።»

«አቤት እምነት!»

«ኧረ እኔ የት አውቄበት! አማኟ ባለቤቴ ነበረች። እሷ ስትጸልይ እኔ ጋዜጣ ሳነብ ነው የኖርነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ቦታው ክፍት እንዳይሆን ብዬ ነው። ተጠባባቂ ነኝ።»

ነርሷ አዲሱን ፋሻ ከወትሮው ቀስ ብላ ጠመጠመችላቸው። ሽማግሌው መልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑና ያቋረጡትን ጨረሱ፦

«ከማክበር ሰላምታ ጋር።»

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩበት።

«ግልባጭ፦ ለባለቤቴ። አንተ ካለህ፣ እሷም እዚያው አንተ ጋ ነች።»