እትዬ ሃሎና ሦስተኛው ሳጥን

እትዬ ሃሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከአልጋቸው ራስጌ ካለችው ኮሞዲኖ ጀርባ እጃቸውን ሰደው ኬብል ይነቅላሉ። ነቅለው ሲያበቁ ወንበራቸው ላይ ይደላደሉና የዋይፋይ ሳጥኗ መብራት ከነጭ ወደ ብርቱካናማ እስኪለወጥ ይጠብቃሉ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ለልጃቸው «አባቴ፣ ያቺ ሳጥን ደግሞ ታመመች» ብለው ይጽፋሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ልጁ ይደውላል።

ትልቅ ሰው፣ ጡረታ የወጣች፣ ሰፈር የሚያከብራት ሴት እንዲህ ታደርጋለች? ታደርጋለች። ደግሞም በሙያ ነው የሚያደርጉት። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀምጠው «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝ?» ሲሉ ስለኖሩ ሰፈሩ የቀድሞውን ስም ጥሎ «እትዬ ሃሎ» አላቸው። ከፊታቸው በቀዳዳ የተሞላ ሰሌዳ፣ ከጉልበታቸው በላይ የገመድ መዓት። አንዱን ገመድ ደዋዩ ጋ፣ ሌላውን ተደዋዩ ጋ ይሰኩና ማውራት ሲጀምሩ እሳቸው ማዳመጫውን ከጆሯቸው ያነሳሉ። ነጋዴውን ከሸሪኩ፣ ሙሽራዋን ከእናቷ፣ ተጣልተው የማይነጋገሩትን ወንድማማቾች ሳይቀር አገናኝተዋል። እሳቸው ራሳቸው ግን በስልክ ብዙ ማውራት አልለመዱም።

ማዞሪያ ቤቱ ሁለት ነገር አስተምሯቸዋል። አንደኛው፣ «ተበላሽቷል» ከማለት በፊት ሦስት ነገር ማየት ነው፤ ገመዱን፣ ቀዳዳውን፣ ማዶውን፣ ማለትም በወዲያኛው ጫፍ ያለውን። ሁለተኛው፣ ገመድ አንጠልጥሎ አለመተው። የተንጠለጠለ ገመድ ያየች አለቃቸው «ማነሽ የተኛሽው?» ብላ ስለምትጮኽ፣ እጃቸው ሳያስቡት ገመድ ከቀዳዳ ማገናኘት ለመደ። ይህች ሁለተኛዋ ልማድ ናት ኋላ ጉድ ያፈላችው።

ልጃቸው አንድ ነው። ሁለት ቀን በአውቶቡስ በሚያስኬድ የወደብ ከተማ የዓሣ ማከማቻ ማቀዝቀዣዎችን ይጠግናል። «ልምጣ እንዴ?» ባሉት ቁጥር «እማ፣ የእኔ ቤት ጠባብ ነው፤ ደግሞ ጓደኞቼ ሞልተውታል፤ አይመችሽም» ይላቸዋል። እሳቸውም ልጃቸው በሰው መከበቡን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ደስ ብሏቸውም ይከፋቸዋል።

ባለፈው ዓመት ለዐሥር ቀን ፈቃድ መጥቶ ነበር። በቪዲዮ እንተያይ ብሎ ሦስት ነጫጭ ሳጥኖች ይዞ መጣ። ቤቱ የድሮ ስለሆነ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ሳሎን ያለው ዋይፋይ መኝታ ቤት አይደርስም። አንዱን ሳጥን ሳሎን፣ ሁለተኛውን ኮሪደር፣ ሦስተኛውን መኝታ ቤት አደረገና «ሦስቱም አንድ ዋይፋይ ናቸው፤ እየተቀባበሉ ያደርሱልሻል» አላቸው። በአየር ብቻ ሲቀባበሉ ግን ግድግዳው አደከማቸው፤ የልጁ ምስል አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ስለዚህ ልጁ ኮሪደር ላይ ባለ ስምንት ቀዳዳ የኢንተርኔት ማከፋፈያ ሰቀለ፤ ከሱም ወደየሳጥኑ በግድግዳው ሥር ኬብል ዘረጋ። ሳጥኑ በኬብል ሲሠራ መብራቱ ነጭ ነው። ኬብሉ ከተቋረጠና በአየር መዳበስ ከጀመረ ብርቱካናማ ይሆናል። ይህን አስረድቶ፣ እናቱን ግንባራቸው ላይ ስሞ ሄደ።

በመጀመሪያው ወር በየቀኑ ተያዩ። በሁለተኛው በሳምንት ሁለቴ ሆነ። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ፈረቃ ተለወጠ፣ መልእክት ብቻ ይመጣ ጀመር። መልእክቱም እያጠረ ሄዶ ሄዶ አንዲት ቢጫ አውራ ጣት ሆነች። «ደህና አደርክ አባቴ?» ሲሉት አውራ ጣት። «በላህ?» አውራ ጣት። ሰው እናቱን በአውራ ጣት ሰላም ይላል? እትዬ ሃሎ ተናደዱ፤ ግን የሆድን በሆድ ያዙት።

አንድ ቅዳሜ ኮሪደሩን ሲጠርጉ ከማከፋፈያው ሥር አንድ ጫፉ የተንጠለጠለ ኬብል አዩ። ልጁ ወደፊት ለበረንዳ አራተኛ ሳጥን ይገባል ብሎ፣ አንዱን ጫፍ ሰክቶ ሌላውን የተወው ነው። እጃቸው መቼ አስችሎት! ብድግ አድርገው እዚያው ማከፋፈያ ላይ ካገኙት ባዶ ቀዳዳ ሰኩት። ወዲያው የማከፋፈያው መብራቶች ሁሉ በአንድ ላይ እንደ እብድ ይርገበገቡ ጀመር፤ የቤቱ ኢንተርኔት እንዳለ ጸጥ አለ። ልጁም የሳጥኖቹ መጥፋት በስልኩ ታይቶት ደነገጠና ደወለ።

ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። አንዱን አጥፍቶ ማብራት፣ ሌላውን ነቅሎ መሰካት፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ልጁ «እማ፣ ከማከፋፈያው የሚወጡትን ኬብሎች አንድ በአንድ በጣትሽ ተከተያቸውና የት እንደሚሄዱ ንገሪኝ» አላቸው።

«ይሄ ሳሎን ይሄዳል። ይሄ መኝታ ቤት። ይሄ እዚሁ ላለችው ሳጥን ነው። ይሄኛው ደግሞ… ይወጣና… ተመልሶ እዚያው ይገባል።»

 የልጁ ሳቅ ፈነዳ። «እማ! ማከፋፈያውን ከራሱ ጋር አገናኘሽው እኮ! የራሱን ወሬ ለራሱ እየነገረ፣ ያው ወሬ እየዞረ ቤቱን አጥለቀለቀው!»

«ተንጠልጥሎ አይቼው ነው!» ሲሉ እሱ ባሰበት። ልጅ ሆኖ ትራስ ውስጥ ፊቱን ቀብሮ የሚስቀውን ሳቅ ነበር የሚስቀው። እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ባዶ መሰላቸው፤ በዓመቱ ውስጥ እንደዚያ ያለ ቀን አላዩም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ኬብል ነቀሉ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእትዬ ሃሎ ውሸት ግን በየሳምንቱ ይወፍር ጀመር። ልጁ «ኬብሉ ጠቅ ብሎ ገብቷል?» ሲል፣ ኬብሉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን በጨው አጥበው «ገብቷል» ይላሉ። «በሌላ ቀዳዳ ሞክሪው እስቲ» ሲል በቤቱ ውስጥ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ መነጽር ይፈልጋሉ፣ ግራውን ከቀኝ ያምታታሉ። በዚያ መሀል ልጁ የዋለበትን ያወራል፤ ስለ አለቃው ክፋት፣ እጁን ስለላጠው በረዶ፣ እግሩ ሥር ስለምትከተለው የወደብ ድመት። ወሬው ሲያልቅና ድካሙ በድምፁ ሲሰማቸው ኬብሉን መልሰው ጠቅ ያደርጉና «ውይ! ነጭ ሆነ!» ይላሉ። «ጎበዝ እማ!» ይላል ልጁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብልሽት በጆሮ የሚለዩት ሴት በዚህች «ጎበዝ» ሳምንቱን ይገፉ ነበር።

በዐሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ስልኩ አልጮኸም። ሲመሽ መልእክት መጣ፤ «እማ፣ ሰኞ ቴክኒሻን ይመጣልሽ።»

ቴክኒሻኑ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣ ሪዙን ያሳደገ ረጅም ሰው ነው። ብዙ አላወራም። ሁለት ቁራጭ መሣሪያ አውጥቶ በኬብሉ ሁለት ጫፍ ሰካ፤ ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት ትንንሽ መብራቶች በሁለቱም በኩል በተራ በተራ በሩ። «ኬብሉ ደህና ነው» አለ። ማከፋፈያውን ፈተሸ፤ ደህና ነው። ሳጥኑን ፈተሸ፤ ደህና ነው። ከዚያ ኮሞዲኖዋ ጀርባ በርከክ ብሎ መሰኪያውን በባትሪ ሲያይ ቆየ።

«እማማ፣ ይህን የሚነቅለው ማነው?»

«ድመት ይሆናል።»

«ድመት አለዎት?»

«የጎረቤት ነች።»

«እንግዲያው ጣት ያላት ድመት ነች» አለ ቴክኒሻኑ፣ ሳይስቅ። «ይዩት እስቲ። እዚያ ኮሪደር ያሉት መሰኪያዎች አቧራ ለብሰዋል። ይቺ ብቻ ንጹሕ ነች፤ ምላሷም ከመጫን ብዛት ነጥታለች። ዓመት ሙሉ ተሰክቶ የሚቀመጥ ነገር እንዲህ አይሆንም።»

እትዬ ሃሎ እጅ ከፍንጅ ተያዙ። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ሰውየው የመሰኪያውን አሮጌ ራስ ቆርጦ አዲስ መግጠም ጀመረ፤ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ በየቀለማቸው እየደረደረ፣ አንገቱን ሳያቀና፣ «የእኔ እናት ቴሌቪዥኗን ነበር የምታበላሸው» አለ። «ጀርባውን ከፍታ አንድ ሽቦ ትነቅላለች። እኔም ሥራ ፈቶች ነን ወይ እያልኩ እጮኽባት ነበር። አሁን ቴሌቪዥኑ እኔ ቤት ነው። አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም።»

ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ «ለልጅዎ ምን ልበለው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«መሰኪያው አርጅቶ ነበር በለው፤ እባክህ።»

ያን ቀን እትዬ ሃሎ በራሳቸው አፈሩ። በረዶ ውስጥ ውሎ የሚገባ ልጅ ዕረፍቱን እየሠዋ የእናቱን ውሸት ሲጠግን መክረሙ አንጀታቸውን በላው። ሁለተኛ እንዳልነካት ብለው ኮሞዲኖዋን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው ገፏት።

አራት ቅዳሜ አለፈ። መብራቱ ነጭ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ ነጭ ነው። ዐሥር ይሆናል፤ ነጭ ነው። አውራ ጣቷ ትመጣለች። ናፍቆት ሲባል ሰው ደረት ላይ የሚቀመጥ ይመስላቸው ነበር፤ የእሳቸው ግን ጆሯቸው ላይ ነበር የተቀመጠው። ዕቃ ሲያጥቡ ስልክ የጮኸ ይመስላቸውና ውኃውን ይዘጋሉ። ምንም የለም፤ መልሰው ይከፍታሉ። ስለዚያች የወደብ ድመት እንኳ መጠየቅ አማራቸው፤ ግን በምን ሰበብ?

በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሳይነኳት ሳጥኗ ብርቱካናማ ሆነች።

«እኔ አይደለሁም!» አሉ እትዬ ሃሎ ጮክ ብለው፣ ማንም በሌለበት ቤት።

ለልጁ ከመጻፍ ይልቅ የሙያቸውን ሊሠሩ ተነሡ። መጀመሪያ ገመዱን። ኮሞዲኖዋን ስበው ኬብሉን ነቅለው መልሰው ጠቅ አደረጉት፤ ብርቱካን። ከሳሎን ደህናውን ኬብል አምጥተው ለወጡት፤ ያው ነው። ቀጥሎ ቀዳዳውን። በማከፋፈያው ላይ በሌላ ቀዳዳ ሞከሩ፤ ያው ነው። ሳጥኗን አቅፈው ሳሎን ወስደው ከዋናው ሳጥን ጋር ፊት ለፊት በአጭር ኬብል አገናኟት። የቀዳዳዋ ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፤ ኬብሉ እንደደረሳት ታውቃለች ማለት ነው። ግንባሯ ግን ብርቱካን እንደሆነ ቀረ። ኬብሉ እያለ አልጠቀምም ብላለች።

እትዬ ሃሎ ሳጥኗን ጭናቸው ላይ አድርገው አሰቡ። መስመር ሲበጠስና ሰው ሲነቅለው አንድ አይደለም፤ ይህን በሕልማቸውም ይለዩታል። ይቺን ሳጥን «ኬብል አትንኪ» ብሎ ያዘዛት አለ። ገመዱ ደህና፣ ቀዳዳው ደህና። የቀረው ማዶው ነው። ሳጥኖቹን ከሩቅ ማዘዝ የሚችል ስልክ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ ሦስተኛው ሳጥን ብርቱካን ሆነ አይደል? አይዞሽ፣ አብረን እናየዋለን። መጀመሪያ ኬብሉን…»

«ማን ነገረህ?»

ልጁ ዝም አለ። የሞተ መስመር ዝምታና የሚተነፍስ ሰው ዝምታ ይለያያል፤ ይሄኛው ይተነፍሳል።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ አነሰ። «አራት ቅዳሜ ሳጥኗ ታመመች አላልሽኝም እማ። የተቀየምሽኝ መሰለኝ።»

«ቴክኒሻኑ አልነገረህም?»

«መሰኪያው አርጅቶ ነበር አለኝ። እኔ ግን ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ስልኬ ላይ ይታየኛል፤ ሁልጊዜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቀላል።»

«ታዲያ ለምን ሰው ላክህብኝ?»

«ያን ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ገብቼ በረዶ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። ስወጣ መልእክትሽን አየሁት። ሰኞም ፈረቃ ነበረብኝ። ሰው አጥተሽ ከምትውዪ ብዬ ነው።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ናፍቀሽኝ ነው ያጠፋሁት» አለ።

«እኔም ናፍቀኸኝ ነው የምነቅለው» አሉ እትዬ ሃሎ።

 አሁን የሚፈተሽ ኬብል የለም፤ የሚቆጠር ቀዳዳ የለም። እናትና ልጅ ያለ ብልሽት እንዴት እንደሚወራ ጠፍቷቸው እንደ እንግዳ ሰው ተፋፈሩ።

«መብራቱን መልሰውና ቤትህን አሳየኝ» አሉ በመጨረሻ። የእሳቸውን ቤት ሁለቱም ከጥግ እስከ ጥግ በስልክ ሲያዩት ከርመዋል፤ የእሱን ግን አንድ ቀን አልጠየቁም።

«አልተጠረገም እማ።»

«ቆሻሻህን ስጠርግ አይደል ያሳደግሁህ? አሳየኝ ስልህ!»

መብራቱ ነጭ ሆነ፤ ምስሉም ጥርት ብሎ መጣ። ልጁ ስልኩን ይዞ ክፍሉን ቀስ ብሎ ዞረ። መስኮቱ የመጋዘን ግድግዳ ያያል። አልጋው ተነጥፏል። ሚስማር ላይ የሥራ ካፖርት ተሰቅሏል። ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። በጠረጴዛው ዙሪያ አንድ ወንበር።

«ጓደኞችህስ?» አሉ እትዬ ሃሎ።

«ይመጣሉ… አንዳንዴ» አለ ልጁ፤ ስልኩንም ፈጥኖ ወደ ፊቱ መለሰው።

እትዬ ሃሎ ክፍት አላቸው። ብቸኛ የሆኑት እሳቸው ብቻ መስሏቸው ነበር። ከወንበራቸው ተነሡና ቁም ሳጥን ላይ ወዳለችው የመንገድ ቦርሳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ወንበር ግዛ» አሉት።

«ምን?»

«ሁለተኛ ወንበር ግዛ። ነገ ጧት አውቶቡስ እሳፈራለሁ።»