የአጎቴ መዳፍ በፓምፑ አፍ ላይ

አጎቴ የተበላሸ ዕቃ ከመፍታታቸው በፊት «መጀመሪያ ይጠየቅ» ይሉ ነበር። ክልላችን አዲስ በተቋቋመ ሰሞን በብረት ጀልባቸው ወደ ቡለን ገበያ ሲያሻግሩን፣ አባይ መሀል ላይ የውሃ ማውጫው የእጅ ፓምፕ መሳብ አቆመ። ጀልባዋ ውስጥ የገባው ውሃ ቁርጭምጭሚታችንን አለፈ።

«ጋሼ፣ መስመጣችን ነው?» አልኳቸው።

«ሳልጠይቀው ምን አውቄ» ብለው ቱቦውን ነቀሉ፤ የፓምፑን አፍ በመዳፋቸው ከድነው እጀታውን ሳብ አደረጉ። «መዳፌን ስቦ አልያዘኝም፤ ውስጡ ያለው ጎማ ተቀዷል።» ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቆርጠው ቀየሩት። መዳፋቸውን ደግመው ከደኑና «አሁን ያዘኝ» አሉ። ቱቦውን መልሰው ገጥመው ውሃው ወደ ወንዙ ሲመለስ፣ ጀልባዋ ላይ ያለው ገበያተኛ ሁሉ እስከ ዳር ድረስ እጃቸውን ሲያይ ሄደ።

አጎቴ በሞት ከተለዩን በኋላ ያንን ፓምፕ በአዲስ ቀየርነው። ቱቦውን ከመግጠሜ በፊት መዳፌን አፉ ላይ አድርጌ እጀታውን ሳብኩት። አጥብቆ ያዘኝ። እጄን ለማላቀቅ አልቸኮልኩም።