መርፌ የቀደመው ቁርስ

ባለፈው እሑድ የልጄ ልጅ መኮሮኒ፣ ምስርና አትክልት ደራርባ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ከከተተች በኋላ፣ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና የምግቡን ይዘት ታነብልኝ ጀመር። ካሮቱ ለዓይን፣ ጎመኑ ለደም፣ ምስሩ ለሰውነት ግንባታ ምን እንደሚጠቅም እየዘረዘረች፣ "ስኳርን ቶሎ ከፍ አያደርግም" የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመችልኝ። ስኳር ከያዘኝ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ልጅቱ የምትደክመው ለኔ ብላ ነው። ጆሮዬ ይሰማታል፣ ልቤ ግን እዚሁ ቆቦ፣ የድሮው ቤታችን ገብቶ ነበር።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። እማዬ ስኳር እንዳለባት የታወቀው በዚያው ዓመት ነበር። በሰፈራችን ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ስላልነበረ ኢንሱሊኗን በላስቲክ ጠቅልለን፣ እርጥብ አሸዋ በሞላው ማሰሮ ውስጥ እናኖረዋለን። መጋቢት ላይ ቆቦን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ከላይ ከሚወርደው ፀሐይ ይልቅ ከመሬት የሚነሣው ወላፈን ይብሳል። አባቴ ሳምንቱን ሮቢት፣ እርሻው ላይ ስለሚቆይ ጠዋት ጠዋት መርፌውን የምወጋት እኔ ነበርኩ። የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ሲያስተምረኝ አጥብቆ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ "ከተወጋች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትብላ።" ሑዳዴ ቢሆንም የነፍስ አባቷ በጠዋት እንድትቀምስ ፈቅደውላታል።

በዚያ ሰሞን የቤት አያያዝ መምህርታችን፣ ከቤተሰባችን ለታመመ ወይም ለደከመ ሰው የሚስማማ አንድ ምግብ ሠርተን፣ ይዘቱን ጽፈን እንድናመጣ አዘዙን። እኔ እሳቸው ክፍል ውስጥ ሠርተው ያሳዩንን የተጋገረ መኮሮኒ መረጥኩ። ካሮትና ጥቅል ጎመን ከደጋ ከወረዱ ነጋዴዎች ገዛሁ፤ ቲማቲሙ ከጎብዬ የመጣ ነበር። ደብተሬን በመስመር ከፍዬ ኃይል ሰጪውን፣ ገንቢውን፣ በሽታ ተከላካዩን በየረድፉ አሰፈርኩ። "የተከለከለ" በሚለው ሥር ስኳርን ጽፌ በቀይ አሰመርኩበት። እዚያም አልቆምኩም፤ ቤት ውስጥ የነበረውን ስኳር ከነጣሳው ለጎረቤታችን ለአደይ ለተብርሃን ወስጄ ሰጠኋቸው። አደይ ለተብርሃን ከአላማጣ ወዲያ የመጡ፣ በርበሬ የሚነግዱ ሴት ናቸው። ተቀበሉኝና ራሴን ዳሰስ አደረጉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መርፌዋን ወጋኋት። እማዬ እንደ ልማዷ እንጀራ ልትቆርስ እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት።

"ተይ እማዬ፣ ዛሬ የኔን ነው የምትበዪው። ደርሷል፣ ሩብ ሰዓት ብቻ።"

"አንዲት ጉርሻ ብቀምስስ?"

"ከዚያማ የኔ ምግብ ምን እንዳደረገልሽ በምን አውቃለሁ?"

ሳቀችና እጇን ሰበሰበች።

ምድጃ ስላልነበረን ብረት ድስቱን ፍም ላይ ጥጄ፣ ክዳኑም ላይ ፍም አድርጌ ነበር የምጋግረው። ከሰሉ ግን ደቃቅ ሆነና ወዲያው አመድ እየለበሰ አልይዝ አለኝ። በካርቶን ባራግብ ባራግብ፣ ክዳኑን ገልጬ ሳይ የላይኛው ገና ነጭ ነው። ግድግዳው ላይ የአባቴ ሰዓት ተንጠልጥሏል፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። እማዬ መደቡ ላይ ሆና ለማግስቱ ምስር ትለቅም ነበር። መጀመሪያ ስታወራኝ ቆይታ ዝም አለች። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ፤ ሙቀት ነው ብዬ ተውኩት።

"ዘውዴ፣ ውሃውን ቀዳሽው?" አለችኝ ድንገት።

ዘውዴ የሞተች እህቷ ናት።

ዞር ስል እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። ሰፌዱ ከጭኗ ተንሸራቶ ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ፤ እሷ ግን ማን እንደደፋው የማታውቅ ይመስል ዝም ብላ ታየዋለች። ድስቱን በእጄ ከፈትኩ፤ ጣቶቼ መቃጠላቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። በማንኪያ አንሥቼ ላጎርሳት ስል ጥርሷን ነከሰች። መኮሮኒው በደረቷ ላይ ወረደ። በዚያ ጊዜ የጮህኩት ጩኸት እስከ ዛሬ የራሴ አይመስለኝም።

አደይ ለተብርሃን ባዶ እግራቸውን ደረሱ።

"ዋይ ጓለይ! ልጄ፣ በልታለች?"

"አልበላችም።"

"መርፌስ?"

"ወግቻታለሁ።"

ተመልሰው ሮጡ። ሲመጡ ጣሳውን ይዘዋል። ምን እንደያዙ ሳይ በሩ ላይ ተገተርኩ።

"ስኳር በሽተኛ ናት እኮ! ሊገድሏት ነው?"

"ልቀቂኝ!"

"አልለቅም!" ክንዳቸውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ።

"ሟቹ ባሌ እንዲህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። መርፌው በደሟ ያለውን ስኳር ጨርሶባታል። ልጄ፣ እናትሽ እየሄደች ነው!"

ከኋላዬ የእማዬ ራስ ግድግዳውን ሲመታ ሰማሁ። ዞሬ ሳያት ዓይኗ ነጭ ብቻ ሆኗል። ከደብተሬና ከአደይ ለተብርሃን ማንን እንደማምን አላውቅም ነበር። ለቀቅኳቸው።

በጎኗ አስተኟት። ጣታቸውን በውሃ አርሰው ስኳሩን በጉንጯ ውስጥ፣ በድዷ ላይ ያሹላት ጀመር፤ ደግመው፣ ደጋግመው። በአውራ ጎዳናው የጭነት መኪኖች ያልፋሉ። የእማዬ ትንፋሽ ሲቆራረጥ የኔም ይቆራረጣል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ምላሷ ተንቀሳቀሰ። ዋጠች። ቀጥለው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አስጎነጯት። ዓይኗ ተመልሶ እኔ ላይ ሲያርፍ፣ ስሜን ጠራችኝና "አንቺ፣ ምግቡ አረረ እኮ" አለችኝ።

በጋሪ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ጤና ረዳቱ ጉሉኮስ ከሰካላት በኋላ "ስኳር የሰጣት ማነው?" ሲል አደይ ለተብርሃን አንገታቸውን ደፍተው "እኔ ነኝ" አሉ።

"እርስዎ ባይደርሱ ይህች ሴት እዚህ አትመጣም ነበር።" ከዚያ ወደኔ ዞረ። "ስንት ሰዓት ወጋሻት?"

"ሁለት ሰዓት።"

"ስንት ሰዓት ልትበላ ነበር?"

የተቃጠሉ ጣቶቼን ከነጠላዬ ሥር ሸሸግኩ። እሱም አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ደብተሬን አስረከብኩ። መምህርታችን የምግቡን ይዘት እንዳንቺ በደንብ የጻፈ የለም ብለው ከክፍሉ አንደኛ አደረጉኝ። የሆነውን አልነገርኳቸውም፤ ውጤቱንም ለእማዬ አላሳየኋትም። በዚያ ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሳልጠይቃት መቅረት አልቻልኩም።

"ሲያደክምሽ አልታወቀሽም ነበር?"

"ታውቆኛል። ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ ዓይኔ ሲጨልም ታውቆኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ላብ በላብ ሆነሽ ስታራግቢ እያየሁሽ? ለኔ ብለሽ እንዲያ ስትለፊ እንዴት ብዬ ራበኝ ልበልሽ?"

እማዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ እኔም ሳላበላት የወጋሁበት ቀን የለም። ነገር ግን ያ መልሷ ለረጅም ጊዜ ያናድደኝ ነበር። 'ራበኝ' የምትል አንዲት ቃል ላለመናገር ሲል ሰው እንዴት ለሞት ይቀርባል? እል ነበር።

እሑድ ዕለት የልጅ ልጄ ምድጃውን ከፍታ አየችና "እማማ፣ ትንሽ ይቀረዋል፤ ላዩ ቡናማ ይሁንልሽ" አለችኝ። ፊቷ በሙቀቱ ቀልቶ፣ ደስታዋ ከዓይኗ ይነበባል። መርፌዬን ከተወጋሁ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ዓይኔ ብዥ እያለብኝ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል ነበር። ትንሽ ብታገሥ ምን አለበት ብዬ ነበር።

"ራበኝ" አልኳት።

ፈገግታዋ ትንሽ ደብዘዝ አለ። ወዲያው ተነሥታ ዳቦ ቆረሰችልኝ። እያላመጥኩ እማዬን አሰብኳት። ያቺን ቃል ለመናገር ምን ያህል እንደከበዳት የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ስለተናደድኩባት ይቅር ትበለኝ።