ከአንድ አንደኛ

ልጄን ቤት ማስተማር የጀመርኩት በእልህ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ሰነባብቷል፤ እሷ አራተኛ ክፍል የምትማርበትም፣ እኔ ጂኦግራፊ የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃም። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ቡሬ ቤት ተከራይታ ትሠራለች፣ መንገድ በተከፈተ ሳምንት ብቻ ትመጣለች። አንድ ቅዳሜ መጥታ፣ ባሕር ዳር ትምህርት ስላለ ልጅቷን እዚያ ያለችው እህቴ ዘንድ እንላካት አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ የራሴን አንድ ልጅ ማስተማር አቅቶኝ ነው ለሌላ የምሰጣት? አስተማሪ ያለበት ቤት ልጅ ትምህርት ፍለጋ አገር አታቋርጥም ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ባለቤቴ አልተከራከረችኝም፤ አንድ ነገር ከያዝኩ ድርቅ እንደምል ታውቃለች። እሑድ ስትመለስ ልጅቷን አገላብጣ ሳመችና ለእኔ “እስቲ እናያለን” ብላኝ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። የቁም ሳጥናችንን አንድ በር ነቀልኩ፤ ያለቀባቸውን የባትሪ ድንጋዮች ሰብሬ የውስጣቸውን ጥቁር ዱቄት በውኃ ለወስኩና ቀባሁት። ገጠር ተመድቤ ሳለሁ የተማርኩት ዘዴ ነው፤ ደህና ሰሌዳ ይወጣዋል። ጠመኔ ከጋዋኔ ኪስ ጠፍቶ አያውቅም። ጋዋኔን ለበስኩ፤ እሷንም ዩኒፎርሟን ልበሺ አልኳት። ከሳሎን ሳትወጣ ዩኒፎርም ምን ያደርግልኛል አለችኝ። ሥርዓት ከሌለ ትምህርት የለም ብዬ አለበስኳት። ቀሚሱ አጥሮባት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከመኝታ ቤት ወጥቼ ሳሎን ስገባ ብድግ ትላለች። “እንደምን አደሩ መምህር” ትለኛለች፣ ክፍል ሙሉ ልጅ አንድ ላይ እንደሚለው ቃሉን እየጎተተች። ብቻዋን ስትጎትተው ጭል ጭል የሚል ድምፅ ነው የሚወጣው። እኔም አፌ ስለለመደ “እንደምን አደራችሁ፣ ተቀመጡ” እላለሁ። ትቀመጣለች። ስም እጠራለሁ፤ “አቤት” ትላለች። የቀረ ሰው ኖሮ አያውቅም። በክፍል ሰዓት አንቱ እያለች ታናግረኛለች፤ ደወሉን፣ ማለትም ማንኪያና ትሪውን፣ ስመታው ወደ አንተ እንመለሳለን።

ማስተማሩን እችልበታለሁ። ያልቻልኩት ዕረፍቱን ነው። ዕረፍት መስጠት ደወል መደወል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልጄ ደግሞ ሱዚ ትወዳለች። ሱዚ ሦስት ልጅ ይፈልጋል፤ ሁለቱ ላስቲኩን በእግራቸው ወጥረው ይቆማሉ፣ አንዷ ትዘላለች። እሷ አንዱን ጫፍ ግቢያችን ካለው ማንጎ ግንድ ላይ ታስራለች፣ ሌላውን ወንበር ላይ። ወንበሩ እየተንሸራተተ ስላስቸገራት ድንጋይ ትጭንበታለች። አንድ ቀን አንጀቴን በላችኝና ወንበሩን አንስቼ እኔ ገባሁበት። ላስቲኩ ቁርጭምጭሚት ላይ እያለ ደህና ነበርን። ጉልበት ላይ ሲደርስ “ተራህ ነው አባየ” አለችኝ፤ ዘለልኩ፣ ላስቲኩ ጠለፈኝ፣ ከነጋዋኔ ጭቃው ላይ ተዘረርኩ። በሳቅ ፈረሰች። እኔም ወገቤን ይዤ ሳቅሁ። በማግስቱ ግን በመስኮት ሳይ ወንበሩን መልሳ አስራዋለች። ምነው ስላት፣ ወንበሩ እንደማይደክመው ነገረችኝ።

እኔም ብቸኛ ነበርኩ፤ ይህን ለምን እደብቃለሁ? ከባልደረቦቼ አንዱ ሊበን የሚባል ገጠር፣ ወላጆቹ ዘንድ ገብቶ ያርሳል። ሌላው ስልኩ አይሠራም። ከሰዓት በኋላ ዋናው መንገድ ጭር ይላል፤ አንድ ባጃጅ ካለፈ ሁላችንም አንገታችንን አውጥተን እናያለን። ተኩስ በሚሰማበት ቀን በሩን ዘግተን፣ መስኮት ከሌለው ግድግዳ ሥር ቁጭ ብለን የማባዛት ሠንጠረዥ እንላለን። ሰባት ላይ ስንደርስ የእሷ ድምፅ ይረጋጋል፤ ስምንት ላይ የእኔ። ያለዚያች ልጅ ጠዋት ከአልጋ የምነሣበት ምክንያት አልነበረኝም። የማስተምረው ሌላ ሰው በዓለም ላይ አልቀረኝም ነበር። ባለቤቴ ይህን ሳታውቀው የቀረች አይመስለኝም፤ ስለዚህም ነው መሰለኝ በስልክ ስለ ባሕር ዳር ስታነሣ ቀስ ብላ የምታነሣው።

በትምህርቱ በኩል ልጄ አሳፍራኝ አታውቅም። የአራተኛ ክፍልን መጻሕፍት ጨርሳ የአምስተኛን ጀመረች። በካርታ ላይ ዓባይን ከግሽ ዓባይ ተነሥታ ጣና ድረስ፣ ከጣናም ዞራ እስከ ሱዳን በጣቷ ትነዳዋለች። እኔ እሱን እያየሁ ነው የኮራሁት። ያላየሁትን ያየሁት ጥምቀት ሰሞን ነው።

ከአጥራችን ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ አሉ። ፈረስ ቤት ከምትባል ከተማ የእህታቸው የልጅ ልጅ ለበዓሉ መጣችላቸው፤ የእኔዋ እኩያ ናት። ልጅቷ በአጥሩ ሽንቁር ወደ ግቢያችን ታያለች። እኔ ደስ ብሎኝ ትምህርቱን አቋረጥኩና፣ ልጄን ሂጂ ተጫወቺ አልኳት። ልጄ እስከ በሩ ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። ጋዋኔን ያዘችና፦

“አባየ፣ ምን ልበላት?”

“ስሟን ጠይቂያት።”

ሄደች። በአጥሩ በኩል ስሟን ጠየቀቻት። ልጅቷም መለሰችላት። ልጄ ስሙን ተቀብላ፣ አመስግና፣ ልክ ጥያቄዋን ጨርሳ እንደመጣች ሁሉ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች። ዱሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጓደኞቿን ወሬ ለማስቆም እራት መስጠት ነበረብን። ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ስልክ ስደውል ስለ እንግዳዋ ልጅ አነሣሁ፤ ስለ ልጄ ግን አልነገርኳትም።

ሰኔ ሠላሳ ደረሰ። በእኛ አገር ሰኔ ሠላሳ ምን ተማርክ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው ስንተኛ ወጣህ ነው። ጎረቤት ይጠይቃል፣ ባለሱቁ ይጠይቃል፣ መንገድ ላይ የማታውቀው ሰው አስቁሞ ይጠይቃል። እኔም የመዝጊያ በዓል ሳላደርግማ አልቀርም ብዬ ካርድ በእጄ አዘጋጀሁ፤ ማርክ፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ ጠባይ፣ ሁሉንም ሞላሁ። ደብተርና እስክርቢቶ በአበባ ወረቀት ጠቀለልኩ። እማማን የክብር እንግዳ አድርጌ ጠራኋቸው፤ አዲስ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ባለቤቴ መንገድ ተዘግቶባት ስለነበር በስልክ ነው የተገኘችው፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ስለ ትምህርት ጥቅም አጭር ንግግር አደረግሁ። ከዚያ የልጄን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ ጠራሁና አጨበጨብን። ወጣች፣ ከእማማ እጅ ሽልማቷን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

“ስንተኛ ወጣሽ ልጀ?” አሏት እማማ።

“አንደኛ።”

“እሰይ የኔ ልጅ። ከስንት?”

“ከአንድ።”

እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው እስኪጠርጉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ባለቤቴም በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ይሰማል። ልጄ አልሳቀችም። ሽልማቷን ሳትፈታ ይዛ ወጣችና ማንጎው ሥር ተቀመጠች። እንግዳዬን ከሸኘሁ በኋላ ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

“አባየ፣ በሚቀጥለው ሁለተኛ መውጣት እችላለሁ?”

“ሁለተኛ ለመውጣት እኮ አንደኛ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል” አልኳት፣ አስተማሪነቴ አይለቀኝምና።

“እሱን ነው የምልህ” አለችኝ።

ነገሩ ገብቶኛል፤ ግን እልኸኛ ሰው ነገር ከገባውም በኋላ ትንሽ መንገድ ይሄዳል። ሰው ከጎደለ እኔ እሞላዋለሁ አልኩ። ክረምቱን ትምህርት ቀጠልንና በመጨረሻ ላይ ፈተና አወጣሁ፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ልፈተን ወሰንኩ። የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ፣ አማርኛና አካባቢ ሳይንስ፣ አንደኛ ለመውጣት ቆርጬ ተፈተንኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ሁለታችንም አቀርቅረን እንጽፋለን። ቀና ብዬ ሳያት በግራ ክንዷ ወረቀቷን ጋርዳ ነው የምትሠራው። እንዳልኮርጃት መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ግን እኔ የተቀመጥኩት በቀኟ ነው። በግራዋ ያለው ግድግዳ ነው።

እዚያ ማን አለ ብዬ ጠየቅኋት። ክንዷን አየት አደረገችና፣ በዚያ በኩል ትቀመጥ የነበረችው ጓደኛዋ እየኮረጀች ታስቸግራት እንደነበር ነገረችኝ። ክንዷን አነሣችው። ጥቂት ቆይታ መልሳ አደረገችው።

ወረቀቱን አረምኩ። እኔ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ። ይኸው፣ ያልሽው ሆነ፣ ደስ አለሽ ወይ አልኳት። እንዳታስከፋኝ ስትጠነቀቅ ፊቷ ላይ ይታያል።

“ደስ ብሎኛል አባየ” አለች። “ግን አንተ ልጅ አይደለህም።”

ጋዋኔን አውልቄ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ ዘንድ ደውዬ፣ እህትሽን ጠይቂያት አልኳት። ቀድሞስ ምን ብዬህ ነበር ብትለኝ መብቷ ነው። እሽ ብቻ አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ልክ አልነበረም።

መስከረም ከመጥባቱ በፊት መንገዱ ተከፈተ ተባለ። እንደገና ሳይዘጋ እንሂድ ብለን በማግስቱ በሚኒባስ ቡሬ ገባን። መንገዱን ሙሉ በቆሎው ግራና ቀኝ ሰው አሳልፎ አያሳይም። ከቡሬ እናቷ ይዛት ባሕር ዳር ድረስ ትሄዳለች፤ የእኔ ድርሻ መናኸሪያው ላይ ያበቃል። ለልጄ የማይረባ ምክር ሁሉ መከርኳት፤ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጪ፣ ከልጆች ጋር አትጣዪ። ሦስተኛውን እንደተናገርኩ፣ ብትጣላ እንዴት ደስ ባለኝ ብዬ አሰብኩ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት ብቅ አለች።

“አንተ ማንን ልታስተምር ነው?”

“እኔ ዕረፍት ላይ ነኝ” አልኳት።

በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስኩ። ቤት ስገባ ሰሌዳው ላይ ያልተሠራ የክፍልፋይ ጥያቄ ነበር። ሠርቼ አጠፋሁት።

አዲሱ ትምህርት ቤት ፈትኖ አምስተኛ ክፍል አስገባት። መጀመሪያ ላይ በየማታው በአክስቷ ስልክ እየደወለች ስለ ትምህርቱ ትነግረኛለች፤ እኔም ትክክል መሆኑን አረጋግጥላታለሁ። ከዚያ በሁለት ቀን፣ ከዚያ በሳምንት ሆነ። ኔትወርኩ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ኔትወርኩ ግን ለሌላው ሰው ሁሉ ይሠራል።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለች። ድምፅዋ ፈራ ተባ ይላል። አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ሒሳብ ከሁሉም ቀድማ ሠርታ፣ ይህን የት ተማርሽ ተብላ ተጠየቀች። ልጆቹ በሙሉ ዞረው አዩአት።

“ምን አልሻቸው?”

“እዚያም ትምህርት ቤት አለን አልኩ። ብዙ ልጆች ነበርን አልኩ።” ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። “ያንተን አልነገርኳቸውም። ብቻዬን ነው የተማርኩት ብል እንዳይስቁብኝ ነው። ተቀየምከኝ?”

አልተቀየምኩም አልኳት። እውነቴን ነው። አመመኝ እንጂ አልተቀየምኩም። ልጄ የምታፍራቸው ልጆች አግኝታለች፤ እኔ በዚያ ሁሉ ጠመኔ ላገኝላት ያልቻልኩት ነገር እሱ ነው። ከኋላዋ ስሟን ይጠራሉ፤ አንዷ ቶሎ በይ እንጂ እያለች ትጮኻለች። እየጠበቁሽ ነው፣ ሂጂ አልኳት።

ስልኩን ሳትዘጋው አስቀምጣ ሮጠች። እኔም አልዘጋሁትም። የአክስቷ ካርድ እስኪያልቅ ድረስ ሲጫወቱ አዳመጥኩ።