ለካሜራ የተቆረጠው ዜማ

ፓስተሩ ከአምልኮ በኋላ «የባሮክ ሙዚቃ ሥልጠና ይሰጣል፤ ወጣቶች ተመዝገቡ» ሲሉ፣ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ጠጋ ብለው «ስለ ወንዛችን ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔም የባሮ ወንዝ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ለካስ ከውጭ የመጡ ባልና ሚስት ሙዚቀኞች፣ አውሮፓ ውስጥ ድሮ በነገሥታቱ ዘመን ይጫወቱት የነበረውን ሙዚቃ ሊያስተምሩን ኖሯል።

ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ አጥቼ፣ ጋምቤላ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ እጫወት ነበር። ወላጆቼ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ዛሬም በቆሎና ማሽላቸውን ያርሳሉ። እኔ ግን የተወለድኩት እዚሁ ነው። ሌላ አገር አላውቅም።

ለእኔ የደረሰኝ ቼሎ ነበር፤ ቫዮሊን የሚመስል፣ ተቀምጠው በጉልበት መሃል የሚይዙት ትልቅ መሣሪያ። የድሮው ዓይነት ስለሆነ መሬት ላይ የሚያርፍበት እግር የለውም። በባቶቼ አጣብቄ ነው የምይዘው። በዚያ ሙቀት ላቡ ያንሸራትተዋል፣ እኔም መልሼ አጠብቀዋለሁ። ማታ እግሬ በልዞ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የወደድኩት ነገር አልነበረም።

ሥልጠናው እስኪያልቅ ከእኔ ጋር የኖረችው ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የመጣች የኑዌር ልጅ ናት። ከተማ ውስጥ ማደሪያ ስላልነበራት ሁለታችን ሴቶች በኪራይ ክፍሌ አንድ ፍራሽ ላይ እንተኛ ነበር። ያደገችው መጠለያው ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሃል ነው። እናቷን የቀበረችው ከደቡብ ሱዳን ሲሰደዱ፣ ድንበሩን ሳይሻገሩ፣ መንገድ ላይ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ነገረችኝ፤ ሁለተኛ አላነሣችውም።

የተሰጣት ብቻዋን የምትዘምረው የጣሊያንኛ ዜማ ነበር። ከሥሯ እኔ በቼሎዬ አንድ ዓይነት ድምፅ ደጋግሜ ወደ ታች አወርዳለሁ፤ እሷ ከላይ ዜማውን እየለዋወጠች ትሄዳለች።

«ምን ማለት ነው ቃሉ?» ብላ መምህሯን ጠየቀች።

«አንዲት ሴት ታለቅሳለች» አለቻት መምህሯ በአስተርጓሚ።

«ለቅሶ ከሆነ ገባኝ» አለች ጓደኛዬ።

እንደገና ስትጀምረው መምህሯ ደጋኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየቻት። ያን ቀን ማንም አላረማትም።

በመጨረሻው ዕለት ለሥልጠናው ገንዘቡን የሰጡት የውጭ እንግዶች ፊት እንድናቀርብ ተነገረን። በዋዜማው የሥልጠናው አስተባባሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ልምምዳችንን እስከ መጨረሻው አዳመጠና አጨበጨበ።

«በጣም ቆንጆ ነው» አለ። «ግን እንግዶቹን ይህ በአገራቸው ሰልችቷቸዋል። ማየት የሚፈልጉት ጋምቤላን ነው።»

ከመኪናው ጨሌና ቆዳ አስወረደ። ለጓደኛዬ ሰጣትና የአካባቢውን ባህላዊ ጭፈራ እንድትመራ ነገራት።

«እኔ ይህን ጭፈራ አላውቅም» አለችው። «እኔ መዝሙር ነው የማውቀው።»

«በደምሽ ውስጥ አለ፣ እህቴ» አላት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ብትቀመጪ። ለካሜራው ብዬ ነው።»

«እኔም እኮ እዚህ ነው የተወለድኩት።»

«አውቃለሁ። እኔ የማወራው ስለ መልክ ነው።»

የውጭዋ መምህር ፊቷ ቀልቶ በእንግሊዝኛ ተከራከረችው። ባሏ ክንዷን ነካ አደረጋት፤ ዝም አለች። ያ ዝምታዋ ከአስተባባሪው ንግግር ይልቅ አሳዘነኝ። እሱ ሙዚቃውን አያውቀውም። እሷ ግን ታውቀዋለች።

በማግስቱ እንግዶቹ ከፊት ተቀመጡ። ከበሮው ተመታ፤ ጓደኛዬ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ የሌሎቹን ጨፋሪዎች እግር እያየች ዘለለች። ካሜራዎቹ እሷ ላይ ነበሩ። እኛ ስንለፋበት የከረምነው ዜማ መጨረሻ ላይ መጣ። ጨሌውን እንዳጠለቀች፣ እያለከለከች ጀመረችው። ሁለተኛውን ዙር ጨርሳ ለሦስተኛው ትንፋሽ ስትስብ አስተባባሪው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ያለቀ መስሏቸው እንግዶቹም ተከተሉት። እኔ ደጋኔን አላቆምኩም፤ ትገባለች ብዬ ጠበቅኋት። አልገባችም። አፏን ገጥማ ከመድረኩ ወረደች።

ያንኑ ቀን መሣሪያዎቹ በየሣጥናቸው ገቡ። አንዱ ቼሎ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ቢቀርስ ብዬ መምህሩን ለመንኩት።

«ክሮቹ ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው» አለኝ በትሕትና። «እዚህ አየር ላይ አይቆዩም።»

ክሮቹ ሥልጠናውን በሙሉ እዚሁ አየር ላይ እንደቆዩ ላስታውሰው ፈልጌ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አብሬ ሄድኩ። ሣጥኑን «ተሰባሪ» የሚል ወረቀት ለጥፈው ሲያስገቡት አየሁ።

ከወራት በኋላ በሥራ ጉዳይ ከመጠለያዋ ወደማይርቀው ኢታንግ ስሄድ ጓደኛዬን ገበያ አገኘኋት። ዓሣ እየገዛች ነበር። ቁጭ ብለን ለስላሳ ጠጣን።

«የጭፈራው ፎቶሽ ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል» አልኳት።

«በስልክ አሳዩኝ። አንቺ የለሽበትም።»

«እጄ ይታያል።»

አልሳቀችም። «መምህሯ ለቅሶ ነው ብላ አስተማረችኝ» አለች። «ሰው ሲያለቅስ ይጨበጨባል? እኛ ጋ አይጨበጨብም።»

«አሁንስ ትዘምሪያለሽ?»

«ከሌሎቹ ጋር። ብቻሽን ቁሚ ሲሉኝ እምቢ እላለሁ።»

በተከታዩ ዓመት አስተባባሪው ደወለ። ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነበር።

«ያቺን ልጅ ፈልገሽ ይዘሻት ነይ። እሷ ከሌለች እኮ አይሆንም» አለኝ። ስለ እኔ ቼሎ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

«የት እንዳለች አላውቅም» አልኩትና ዘጋሁት።