ለተሰበረ እግር የመጣች ድንጋይ

አራዳ ውስጥ ስለ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ወሬ ሲነሳ፣ «ድንጋይ ተሸክሞ ሎሌውን ይቅርታ የለመነ ትሑት ሰው» ይሉታል። ሎሌው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ በኋላ ስለሆነ ብዕር ገና ይከብደኛል። ቢሆንም ይህን ወሬ መስማት ስለሰለቸኝ እውነቱን ጽፌ ልገላገል።

ሰውዬው ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ጨርቅና ጨው እየነገደ የከበረ ነው። እኔ ጫኙም፣ አውራጁም፣ ዕቃ አድራሹም ነበርሁ። አንድ በጋ አቡጀዲና ጨው አስጭኖ አዲ አርቃይ ላከኝ። «አስረክበህ በተገኘው ማኪና ና» አለኝ። አስረከብሁ። የተገኘው ማኪና ሰሊጥ የጫነ ነበርና ከጆንያው ላይ ወጣሁ። ሊማሊሞን ስንወጣ፣ አንዱ ጠመዝማዛ ላይ፣ ገመዱ ተበጠሰና ከነጆንያው ወረድሁ። ጉልበቴ ከአለቱና ከጆንያው መሀል ሆነ። ወጌሻ አሸው፣ ጠገነው፤ ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ሸክም የሚባል ነገር ቀረ። ከትከሻዬ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም፤ ሚስቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች።

እንዲክሰኝ ልጠይቅ በምርኩዝ ሱቁ ሄድሁ። ጨርቅ በክንዱ እየለካ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣
«ስትሄድ የኔ ሰው ነበርህ። ዕቃዬን አስረክበሃል፤ እሱ ሸጋ ነው። ስትመለስ ግን የራስህ ሰው ነህ» አለኝ።
«ምነው ጌታዬ፣ እዚያው ልቅር ኖሯል?»
«ብትቀርስ ማን ያዘህ!»
ገበያተኛው ሳቀ።

ከሰስሁ። ማመልከቻ የጻፈልኝ ሰው፣ ሥራ ላይ ለተጎዳ አሠሪው ይክሳል የሚል ሕግ ወጥቷል ብሎኝ ነበር። ችሎት ላይም ነጋዴው ያችኑ የመሄድና የመመለስ ነገር ደገማት። ዳኛው ሰምተው ሰምተው፣
«በቅሎ ስትልክ መሄጃዋን ብቻ ነው እንዴ የምትልክ? ስትመለስ የማን ናት?» አሉት።
አሁን ደግሞ በሱ ተሳቀ። ለፍርድ ቀጠሩን። ሊፈረድልኝ እንደሆነ እኔም ገባኝ፤ እሱም ገባው።

ከቀጠሮው በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽማግሌዎች የንስሐ አባቴን አስቀድመው ደጄ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ነጋዴው፣ ጎንበስ ብሎ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ይዞ። ለካሳ ያልታጠፈ ወገብ! ድንጋይዋ የበርበሬ መጅ ብታክል ነው። እሷም እንዳትፍቀው ከሥሯ ነጠላውን አጥፎ አንጥፎላታል። ጎረቤት ወጥቶ ከንፈሩን መጠጠ፤ የመጠጠው ግን ለሱ ነው።

«በል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በለው» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።
«ካሳዬስ፣ አያ?»
«ይቅርታ ይሸጣል እንዴ? እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው በርህ ድረስ መጥቶልህ!»
«እንግዲያው ያችን ያውርዳትና ከአጥሩ ሥር ያለችውን ይሸከም። ጆንያውን የምታክለው እሷ ናት።»
«ወግድ፣ ባለጌ!»
ነጋዴው ከጎነበሰበት፣ «ተዉት፣ ከፍቶት ነው፤ እኔ እችለዋለሁ» አለ፣ ሰማዕት መስሎ።

የንስሐ አባቴ ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ብትመልስ እገዝትሃለሁ። የሚወለደውን ልጅህን ማን ክርስትና ያነሣልሃል?» አሉኝ። ሚስቴ በሩ ላይ ሆዷን ይዛ ቆማለች። እሷን አየሁ፤ እግሬን አየሁ።
«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁ።
ድንጋይዋን ጣላትና አቀፈኝ። አንገቱ ላብ እንኳ የለው፤ ሽቶ ሽቶ ይላል።

በቀጠሮው ዳኛው፣ «ታርቃችኋል የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ ተደርድረዋል። «ታርቀናል» አልሁ። መዝገቡ ተዘጋ።

ድንጋይዋን ግን ሚስቴ አልጣለቻትም። አጥባ መጅ አደረገቻት፤ የክርስትናው ድግስ በርበሬ የተፈጨው በሷ ነው። ነጋዴው ሳይጠራ መጥቶ ከላይ ተቀመጠና እየጎረሰ፣ «ሸጋ ወጥ ነው! ምን ብታደርጊበት ነው?» አላት።
«ካሳችንን ነው፣ ጌታዬ» አለችው።
እሱ ግን ሳቀና እጁን መልሶ ወጡ ውስጥ ነከረው። እኔ የቆረስሁትን እንጀራ መሶቡ ላይ ትቼ፣ ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ።